«ፎይል ጠቅልሉ፣ ፊልተር ግዙ» ላለው ጽሑፍ ምላሽ፦ የመኪና ሬድዮ ጩኸት መጀመሪያ በየት በር እንደገባ ይታወቅ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ የሚላላከው አንድ ጽሑፍ አለ፣ «የመኪናህን ሬድዮ ጩኸት በአንድ ቀን የሚያጠፉ 7 ዘዴዎች» ይላል። ለኔ ራሱ ከሶስት ሰው ነው የደረሰኝ፣ ሬድዮና ቴሌቪዥን ጥገና ቤት ውስጥ እንዳደግኩ ስለሚያውቁ «እስኪ እየው» ብለው። አየሁት። ጸሐፊው ወንድማችን ዳሽ ካም (የፊት መስታወት ላይ የሚገጠም መንገድ የሚቀርጽ ካሜራ) አስገጠመ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሸገር 102.1 አልሰማ አለው፣ ፋናም 98.1 እየተንሿሿ ነው፣ እና ያደረገውን ሁሉ ዘርዝሮ ምክር አደረገው። ባጭሩ፦ ለቴፑ ፊልተር ግዙ፣ ቻርጀሩን በፎይል ጠቅልሉ፣ ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር (በድምጽ ገመድ መሃል የሚገባ ጩኸት ማቋረጫ) ቀጥሉ፣ ፌራይት ውሸት ነው፣ ሲኢ (CE፣ የአውሮፓን ደንብ ያሟላል የሚል ምልክት) የተጻፈበት ቻርጀር ግዙ፣ ኤልኢዲ መብራት ምንም አያደርግም፣ ይሄ ሁሉ አልሆን ካለ የአንቴና ቡስተር ግጠሙ። መጨረሻ ላይ የሱ ሬድዮ ተስተካክሎ እንደሆነ አልነገረንም፣ እኔ እንዳልተስተካከለ ነው የምገምተው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ትክክል ነገር ጽፏል፣ «የተሰኩትን ዕቃዎች አንድ በአንድ እየነቀላችሁ ስሙ» ብሏል። ጎበዝ። ችግሩ ይሄን አምስተኛው አንቀጽ ላይ ነው የጻፈው፣ ሰውዬው ፊልተር ገዝቶ ገመድ ቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ፊልተሩ። «ጩኸቱ ሁሌም ከዲናሞ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የቴፑ ፓወር ላይ ፊልተር ይቀጠል» ይላል። ሁሌም የሚለው ቃል ነው ያበሳጨኝ። ጩኸት ሬድዮ ውስጥ የሚገባበት በር ሶስት ነው፦ በአንቴና፣ በፓወርና በማሳ (ኔጌቲቭ) ገመድ፣ ወይ ደግሞ በኦክስ ገመድ (ከስልክ ወደ ቴፑ ሙዚቃ የሚያስገባው)። ፊልተሩ የሚዘጋው ሁለተኛውን በር ብቻ ነው። ሌባው በመስኮት እየገባ አንተ በሩ ላይ ቁልፍ ብትደራርብ ምን ዋጋ አለው። የትኛው በር እንደሆነ ደግሞ ለማወቅ ምንም ብር አያስወጣም፣ ፍላሽ ሰክተህ ሙዚቃ ክፈት፣ ጩኸቱ ከሙዚቃው ጋር አብሮ ካለ በፓወር ወይ በማሳ ነው የገባው፣ በፍላሽ ጸጥ ብሎ ሬድዮ ላይ ስትቀይር ብቻ ከመጣ በአንቴና ነው የሚገባው፣ አለቀ። ይበልጥ እርግጠኛ መሆን ከፈለግክ ቴፑን ጎትተህ የአንቴናውን ሶኬት ከኋላ ንቀል፣ እዚህ ጋ ግን ተጠንቀቅ፣ ኤፍኤም አንቴና ሲያጣ በራሱ ባዶ ሽሽሽ ማለቱ አይቀርም፣ ያ ጤነኛ ነው፣ አንተ የምታዳምጠው ያቺ የምታውቃት ዚዚዝታ ወይ ፉጨት ከሽሽታው ስር አለች ወይ የሚለውን ነው።

ከዛ ጆሮ። ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ እየቀጠነ እየወጣ የሚሄድ ፉጨት ከሆነ አዎ ዲናሞ ነው፣ እዚህ ጋ ፊልተሩ ይሰራል፣ የማሳ ገመዱንም ማጽዳት ይሰራል። ነዳጅ ስትሰጥ ጠ-ጠ-ጠ እያለ የሚፈጥን ከሆነ የካንዴላ ብልጭታ ነው፣ ያረጀ የካንዴላ ገመድ ወይም ሬዚስተር የሌለው ካንዴላ (ብዙዎቹ ካምፓኒዎች ሬዚስተር ያለውን ቁጥሩ ውስጥ በ«አር» ፊደል ነው የሚለዩት፣ ውስጡ 5 ኪሎ ኦም አካባቢ አለው)። ሞተር ጠፍቶም ተነስቶም ያው ከሆነ ግን ዲናሞውን ተወው፣ የሰካኸው ዕቃ ነው። ወንድማችን ራሱ እኮ «ሞተር ሳላስነሳም ይጮሃል» ብሎ ጽፏል! ታዲያ ዲናሞው ሳይዞር እንዴት አድርጎ ነው የሚጮኸው? በገዛ እጁ ማስረጃውን ጽፎ አለፈው።

ደግሞ ፊልተር የምትገዙ ሰዎች አምፔሩን እዩ፣ 10 አምፔር የሚል ፊልተር 15 አምፔር ፊውዝ ያለው ቴፕ ላይ ቀጥሎ ዳሽቦርድ ውስጥ የቀለጠ አይቻለሁ፣ ሽታው ራሱ ለሳምንት አይወጣም።

ፎይሉ። ዶሮ ልንጠብስ ነው እንዴ? ይቅርታ ግን ይሄ ምክር አደገኛ ስለሆነ ነው። የላይተር ሶኬት ላይ የሚሰካው ቻርጀር ጫፉ ፕላስ 12 ቮልት ነው፣ ጎኑ ማሳ ነው፣ ፎይሉ ትንሽ ሸርተት ብሎ ሁለቱን ካገናኘ ፊውዙ ተቃጠለ ማለት ነው፣ ፊውዙን ደግሞ ቀድሞ ሰው በሽቦ ተክቶት ከሆነ (እናውቃለን የኛን ነገር) ገመዱ ነው የሚቃጠለው። አደጋውን ብንተወው እንኳን አይሰራም፣ ለምን ብትል ጩኸቱን የሚረጨው ትንሿ ሳጥን ሳትሆን ከሳጥኗ የሚወጣው ገመድ ነው። የኤፍኤም ሞገድ 3 ሜትር አካባቢ ነው ርዝመቱ፣ የዛ ሩቡ 75 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ስንት ነው? አንድ ሜትር። የዳሽ ካም ገመድማ ሶስት ሜትር ተኩል የሚሆን አለ። ሳታውቀው የሰቀልከው ግሩም አንቴና ነው። አንተ ሳጥኗን በፎይል አፍነህ አንቴናዋን ውጪ ትተህላታል።

ጩኸቱስ ከየት መጣ የሚለውን ጽሑፉ ጭራሽ አልነካውም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ዋናው ነገር እዚህ ነው። የመኪና ቻርጀር 12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርደው ከረንቱን እየከፈተ እየዘጋ ነው፣ በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ። በል አንዱ ቻርጀር 300 ኪሎኸርዝ ላይ ይከፍት ይዘጋል እንበል። ያ መክፈት መዝጋት ስለታም ስለሆነ እጥፉን፣ ሶስት እጥፉን፣ አስር እጥፉን እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ 340ኛው እጥፍ የት ይደርሳል መሰለህ? 102 ሜጋኸርዝ፣ ሸገር ደጃፍ። በርግጥ እዛ ሲደርስ ደክሟል፣ ግን ጥሩ ቻርጀር እዚች ጋ ኮይልና ካፓሲተር አድርጎ ያፍነዋል፣ ርካሹ ደግሞ ሁለት ዕቃ ቀንሶ ብር ያተርፋል። ድሮ አባቴ ዜና የሚሰማበት መካከለኛ ሞገድ 873 ላይ ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው፣ 291 ኪሎኸርዝ የሚሰራ ቻርጀር ሶስተኛ እጥፉ ልክ 873 ላይ ነው ቁጭ የሚለው፣ ሶስተኛው ደግሞ ገና ጉልበት አለው።

ይሄን ካወቅክ «ሬድዮው ከተማ ውስጥ ደህና ነው፣ ወደ ቢሾፍቱ ስወጣ ነው የሚጠፋው» ያለበትም ይገባሃል። እሱ «ሙቀት ነው» ብሎ ጽፎታል። ወንድሜ ሙቀት ምን አገባው፣ ኤፍኤም ጣቢያው ጠንክሮ ሲመጣ ሬድዮው ትንንሹን ጩኸት ይውጠዋል፣ ከከተማ ስትርቅ ጣቢያው ይደክማል፣ ካሜራህ ግን አብሮህ ነው የሚሄደው፣ አይደክምም።

አይሶሌተሩን በሁለት መስመር ልለፈው። እሱ ስልክ እየቻርጅክ በኦክስ ሙዚቃ ስትሰማ ለሚመጣው ጩኸት ነው፣ እዛ ላይ በጣም አሪፍ ነው፣ ባሱን ትንሽ ሊቀንስብህ ይችላል እንጂ። ሬድዮ ጣቢያ ግን በኦክስ ገመድ አይገባም።

እግረ መንገዴን ግን ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የረሳው አንድ ተከሳሽ አለ፣ ያ ላይተር ላይ ተሰክቶ ፍላሽ የሚያጫውተው ኤፍኤም ትራንስሚተር። ይሄ ነገር ቻርጀርም ነው ትንሽ ሬድዮ ጣቢያም ነው። 98.0 ላይ አድርገኸው ከሆነ 98.1ን አትሰማም፣ እና ሙዚቃ ባይከፈትበትም ዝም ብሎ ባዶ ሞገድ ስለሚልክ ኤፍኤም ደግሞ ጠንካራውን ይዞ ደካማውን ስለሚተው ጣቢያው ጭጭ ይልብሃል፣ ጩኸት እንኳን የለውም፣ ሰው «ጣቢያው ተዘጋ እንዴ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ከ90 እስከ 108 ባዶ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ራሱ ስራ ነው። የማትጠቀሙበት ሰዓት ንቀሉት በቃ።

አሁን ወደ ፌራይቱ፣ ዋናው ጠባችን እዚህ ጋ ነው። «ፌራይት ሞክሬ ምንም ለውጥ የለም፣ ማታለያ ነው» ብሏል። ፎቶውንም ለጥፏል፣ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም ፎቶው ሶስት ስህተት ያሳያል። ለማያውቀው፣ ፌራይት ማለት ያቺ የድሮ ሞኒተር ገመድ ጫፍ ላይ ወይ የላፕቶፕ ቻርጀር ገመድ ላይ ያለችው ጥቁር እብጠት ናት፣ ውስጧ የሸክላ የመሰለ ጥቁር ቀለበት አለ። ለዋናው ፓወር አታስቸግርም፣ በገመዱ ላይ ለሚጋልበው የሬድዮ ሞገድ ግን ተቃውሞ ትሆንበታለች፣ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ትቀይረዋለች፣ ሙቀቱ ደግሞ ከማነሱ የተነሳ በእጅህ አይታወቅህም።

ስህተት አንድ፣ ወንድማችን ቀዩን ሽቦ ብቻ ነው በቀለበቱ ያሳለፈው። ሁለቱም ሽቦ አብረው ነው ማለፍ ያለባቸው። አንዱን ብቻ ካሳለፍክ ካሜራው የሚበላው ከረንት ራሱ ቀለበቱን ሊያጠግበው ይችላል፣ የጠገበ ፌራይት ደግሞ ድንጋይ ነው። ሁለቱ አብረው ሲያልፉ ሂያጁና ተመላሹ ከረንት ይጠፋፋሉ፣ የሚቀረው ገመዱን እንደ አንቴና የሚጠቀመው ጩኸት ብቻ ነው፣ እኛም የምንፈልገው እሱን ነው። ስህተት ሁለት፣ ቀለበቱን ያሰረው ገመዱ መሃል ላይ ነው፣ ጣሪያው ጋ። መታሰር ያለበት ጩኸቱ ከሚወጣበት አጠገብ ነው፣ ቻርጀሩ ከሆነ ገመዱ ከቻርጀሩ እንደወጣ ሁለት ሶስት ጣት ያህል ላይ፣ ካሜራው ራሱም ከሆነ እዛም አንድ። ስህተት ሶስት፣ አንዴ ብቻ ነው ያሳለፈው። ሁለት ሶስት ጊዜ በቀለበቱ ብታዞረው ተቃውሞው በዙሩ ብዛት ስኩዌር ነው የሚያድገው፣ ሶስት ዙር ወደ ዘጠኝ እጥፍ ይጠጋል፣ ኤፍኤም ላይ በርግጥ ሽቦዎቹ እርስበርስ ስለሚቀራረቡ ዘጠኙን ሙሉ አታገኝም፣ ስለዚህ ለኤፍኤም ሁለት ሶስት ዙር ይበቃል፣ ለመካከለኛ ሞገድ አምስት ስድስት ብታደርግ ይጠቅማል። አንድ ዙር ላይ የተለመደችው ትንሽ የፌራይት ክሊፕ 100 ሜጋኸርዝ ላይ መቶ ኦም አካባቢ ናት፣ አትናቅም ግን ብቻዋን ተአምር አትሰራም።

የፌራይት ዓይነትም አለ፣ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ አንድ አይደለም። ለኤፍኤም ቁጥር 43 የሚባለው ድብልቅ ጥሩ ነው፣ 31 ደግሞ ዝቅ ካሉትም ሞገዶች ጀምሮ ይይዛል። ዓይነቱን የማታውቀው ከሆነ የድሮ ሞኒተር ገመድ ላይ ያለችውን ፈልጥና ሞክር፣ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ነው ያለው ሀብቱ። እኔ ቪትዜ ላይ ያለችው ከተጣለ የፕሪንተር ገመድ ላይ የወጣች ናት፣ ላስቲኩን በቢላ ቀድጄ።

የገመዱ መንገድ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ካሜራ የሚገጥሙ ልጆች ገመዱን ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ውስጥ ነው የሚያወርዱት፣ ጣሪያው ፊት ላይ አንቴና ያላቸው መኪኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንቴናቸው ገመድም በዛው ምሰሶ ነው የሚወርደው፣ ሁለቱ ተቃቅፈው ሁለት ሜትር ከተጓዙ ምን ይወራል ብለህ ነው። የኔ መጀመሪያ እንደዛ ነበር፣ ወደ ሌላኛው ምሰሶ ሳዞረው ያለ ምንም ዕቃ ግማሹ ጩኸት ጠፋ። ምሰሶው ውስጥ ኤርባግ ያለበት መኪና ከሆነ ግን ገመዱ በኤርባጉ ፊት እንዳያልፍ፣ ይሄን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነው ወይስ ካሜራው የሚለውን ለመለየት ካሜራውን ከላይተሩ ንቀለውና በፓወር ባንክ አስነሳው። ጩኸቱ ከጠፋ ቻርጀሩ ነው፣ ሌላ ደህና ቻርጀር ግዛ፣ ካሜራውን አትንካው። ካልጠፋ ካሜራው ሊሆን ይችላል፣ ፓወር ባንኩም ውስጡ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ሌላ ፓወር ባንክ ደግመህ ሞክር። ከዛ ደግሞ ትንሿ የባትሪ ሬድዮ። እኔ የእማዬን ነው የምወስደው፣ መካከለኛ ሞገድ ላይ ባዶ ቦታ አድርጌ የመኪናውን ቁልፍ አንድ አዙሬ ሬድዮዋን እንደ ዶክተር ማዳመጫ ገመዶቹ ላይ አስጠጋታለሁ፣ ጩኸቱ የጎላበት ቦታ እሱ ነው። «ልጄ ሬድዮዬን ቁምሳጥን ውስጥ አድርጌው ነበር» ትላለች በየሳምንቱ። በዚህ መንገድ የጎረቤታችንን መኪና ስፈትሽ ጩኸቱ ከካሜራም ከቻርጀርም ሳይሆን ሰውየው መኖሩን የረሳው የተደበቀ ጂፒኤስ ነበር። ጂፒኤሱ ሲም ካርድ አለው፣ በቱጂ በላከ ቁጥር ድ-ድ-ድ ይላል፣ ድሮ ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከር የሚያንዘረዝረው ድምጽ፣ በሰከንድ 217 ጊዜ የሚረግጥ። እሱን ከቴፑ ጀርባ አንስተን ሌላ ቦታ ስናደርገው አለቀ።

«ሲኢ ያለበት ግዙ» የሚለው፣ ሲኢ እኮ ብዙ ዕቃ ላይ አምራቹ ራሱ በራሱ የሚለጥፈው ነው፣ ሁለቱን ፊደል የማያትም ማተሚያ ቤት የለም። ለመኪና የሚታየው ኢ ማርክ ነው፣ ክብ ውስጥ «ኢ» ፊደልና የሀገር ቁጥር፣ እሱ የተባበሩት መንግስታት ደንብ ቁጥር 10 የሚባለውን፣ የመኪና ዕቃ የሚረጨውን ሞገድ የሚገድበውን የሚመለከት ሲሆን ነው የሚጠቅምህ። እሱም ይመሰላል፣ ግን ቢያንስ ትክክለኛውን ምልክት ፈልጉ። ደግሞ በእጅህ መዝነው፣ እንደ ላባ የሚቀል ቻርጀር ውስጡ የማፈኛው ኮይል ላይኖረው ይችላል፣ ይሄ ሳይንስ አይደለም ግን እስካሁን ብዙም አላታለለኝም።

ኤልኢዲው ላይ «12 ቮልት ዲሲ ስለሆነ ምንም አይረጭም» ብሏል። ቻርጀሩም እኮ 12 ቮልት ዲሲ ነው የሚበላው! የፊት መብራት ኤልኢዲ አምፖል ጭራው ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን ከረንቱን የምትቆጣጠረው እንደዛው እየከፈተች እየዘጋች ነው፣ አንዳንዱ ላይ ማራገቢያውም ይጨመርበታል። የድሮው ሃሎጅን ግን ሽቦ ብቻ ነው፣ የሚከፈት የሚዘጋ ነገር የለውም። ምሽት ላይ መብራት ስታበራ ሬድዮ ከጠፋና ስታጠፋ ከተመለሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም። ፌራይቱን ከሳጥኗ አጠገብ፣ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ፣ ሽቦዎቹንም እርስበርስ ጠምዝዛቸው፣ እሱ ካልሆነ ሃሎጅኑን መልስ። ለሃሎጅን በተሰራ ፋኖስ ውስጥ የሚገባው ኤልኢዲ ከፊት የሚመጣውንም ሰው ያሳውራል፣ ማታ በነዳ ቁጥር የምረግመው እሱን ነው።

ቡስተሩ የመጨረሻ መድኃኒቱ ነው። ቡስተር የአንቴናውን ምልክት ያጎላል፣ ጩኸቱም በአንቴናው ከገባ እሱንም እኩል ያጎላዋል፣ የገዛኸው ጮክ ያለ ጩኸት ነው። እዚህ ጋ ግን ግማሽ እውነት አለው፣ አንቴና ማየቱ ራሱ ትክክል ነው። የጣሪያ አንቴና መቀመጫው ዝጎ ማሳ ካልነካ ጣቢያው ይደክማል፣ ሲደክም ደግሞ ትንሽ ጩኸት ሁሉ ይገንናል፣ ፈትቶ በብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ነው። ለማማር ተብሎ የሚለጠፈው የሻርክ ክንፍ ደግሞ ብዙው ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ ነው። እና ትልቁ ነገር፣ አንድሮይድ ቴፕ ያስገጠማችሁ ሰዎች፣ ብዙ መኪና አንቴናው ውስጥ ፋብሪካው የሰራው አምፕሊፋየር አለ፣ እሱ 12 ቮልት ይፈልጋል፣ የፋብሪካው ቴፕ ይሰጠው ነበር፣ አዲሱን ሲገጥሙ ሰማያዊዋን የአንቴና ፓወር ሽቦ በፕላስተር ጠቅልለው ይተዋታል። «አንድሮይድ ከገባ ጀምሮ ሬድዮ የለም» ከሚሉኝ ሰዎች ስንቱ ላይ እሷን ሽቦ ብቻ እንዳገናኘሁ አልቆጠርኩም። ቡስተር ሳይሆን ያለህን ቡስተር አብራው ነው ነገሩ።

መውጫው ላይ «የኤሌክትሪክ መኪና የያዘ ሬድዮን ይርሳ» ብሏል። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ብዙ ሰው ይሄን አንብቦ ሳይደነግጥ አይቀርም። ግማሹ ልክ ነው፣ የሞተሩ ኢንቨርተር (የባትሪውን ከረንት ለሞተሩ የሚቀይረው ሳጥን) መካከለኛ ሞገድን ይረብሻል፣ ለዛም ነው ቴስላን ጨምሮ አንዳንድ አምራቾች ኤኤሙን (መካከለኛ ሞገዱን) ጭራሽ ያወጡት፣ ፎርድም አወጣለሁ ብሎ በፈረንጆቹ 2023 ሃሳቡን ቀይሯል። ኤፍኤም ግን በነሱም ላይ ይሰራል፣ ካልሰራ የሰካኸውን ቻርጀር ነቅለህ ስማ፣ ያው ነው።

ወንድሜ ይሄን ካነበብክ ካሜራህን አትጣለው፣ ቡስተሩንም ካልገዛኸው ተው። ፌራይቱን ከዛ ጣሪያ አውርደህ ሁለቱንም ሽቦ ሶስት ጊዜ አዙረህ ቻርጀሩ አፍ ላይ እሰረው። አልሆን ካለ ሁለት ነገር ጻፍልኝ፦ በፍላሽ ስትሰማ ጩኸቱ አለ ወይስ የለም፣ ካሜራው በፓወር ባንክ ሲሰራ ምን ሆነ።